ክዳኑ የጠበቀ ሙዳይ

ጎንደር፣ ኅዳር ፭ ቀን ፲፱፻፵፫ ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሐብተ ማርያም ወልደ ዮሐንስ፣
ኮሶዬ፤

እንደምን ሰንብተሃል? እኔ በአባታችን ቤት እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ከንዴቴ በቀር የሚያመኝ የለም።

መቋሚያዬን ምን አደረግሽው ላልኸው፣ ከበሩ ኋላ ቆሟል። በመስቀል ማሕሌት ሰክረህ ከነከበሮው የወደቅህ ዕለት ካህናቱ እየተሳሳቁ አመጡልኝ፤ ከዚያን ቀን ወዲህ በጨርቅ ጠቅልዬ አስቀምጬዋለሁ። የደብሩ አለቃ ገብረ ሚካኤልም የዜማ ጉባኤህን ለሌላ መምህር አልሰጡትም፤ ይሻለው እንደሆን እንይ ብለው እየጠበቁህ ነው። ኮሶዬ የሰደድኩህ ለዚሁ ነበር። አረቄ ቤት ከማይገኝበት፣ ከእናታችን ዘመድ ከአያ ክንዱ ዘንድ ሆነህ ብርዱና ሥራው እንዲያጠራህ ብዬ ነበር።

ይህን ብዬ ስጠብቅ፣ የደባርቁ ማኪና ሾፌር ማሩ ደብዳቤህን ሊሰጠኝ መጣና ደጄ ላይ ቆሞ ፈገግ ይላል። ምነው አልኩት። መናገር አልፈለገም፤ ስጨቀጭቀው ተናገረ። ከሴቶቹ መሃል፣ ከአያ ክንዱ ሚስት ከእናኑ ጎን ተቀምጠህ፣ እግርህን ዘርግተህ ስፌት ስትሰፋ አይቶሃል።

ሐብተ ማርያም፣ አንተ የመሪጌታ ወልደ ዮሐንስ ልጅ ነህ። ድጓ ያስመሰከርህ ሰው ነህ። እኔ ሴቲቱ እንኳ በዕድሜዬ ወስፌ ጨብጬ አላውቅም። ማሩ ከእኔ በፊት ለማን ለማን እንደነገረ እግዜር ይወቅ፤ ዛሬ ውኃ ልቀዳ ስወርድ የጎረቤቶቼ የነታየች ወሬ ቀጥ አለ።

እጅህ ሥራ ካጣ ይኸውልህ ሥራ። ብራና፣ መቃ ብዕር፣ ጥቁርና ቀይ ቀለም በማሩ ልኬልሃለሁ። የአባታችንን ውዳሴ ማርያም ገልብጥ። ስትመለስ ለሰው የምናሳየው ነገር ይኑረን።

እኅትህ ሸዋአየሁ

ኮሶዬ፣ ኅዳር ፳፯ ቀን ፲፱፻፵፫ ዓ.ም.

ለእታለም ለሸዋአየሁ፣
ጎንደር፤

ሰላምታዬ ይድረስሽ። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታሽን እለምናለሁ። ጽሕፈቴ የተጣመመውም ከንቀት አይደለም፤ እጄ ገና አልረጋም።

ማሩ ከመጣ በኋላ በላክሻት ቁራጭ ወረቀት ላይ ለጠየቅሽኝ፣ አይ፣ አልጠጣሁም። እንዴት ቻልህ ብለሻል። አረቄ ቤት የለም ብለሽ ሰደድሽኝ እንጂ እታለም፣ ጠላ የሌለበት ቤት የት ይገኛል? አመሻሽ ላይ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ዋንጫው ይዞራል። አልጠጣም ያለ እንግዳ ቤቱን እንደናቀ ይቆጠራል። የመጀመሪያው ሰሞን እጄን ከጭኔ ሥር ከትቼ ነበር የምቀመጠው። አያ ክንዱ፣ ምነው ልጄ፣ እጅህን ምን ነካው ይሉኛል። ሰዉ ይስቃል። እኔ በላብ እጠመቃለሁ።

እናኑ ይህን ታይ ነበር። አንድ ቀን ግን የስፌቱን ሣር፣ እርጥብ አክርማ፣ ከነወስፌው አምጥታ ጭኔ ላይ ጣለችና ያዝልኝ አለች። ያዝኩላት። ዋንጫው ሲዞር እኔ ጋ ሲደርስ አለፈኝ፤ ሁለት እጁ የተያዘን ሰው ማንም ጠጣ አላለውም። እምቢ ማለት አላስፈለገኝም፣ ቤቱም አልተናቀም። በማግስቱ ሳትጠራኝ ሄጄ ተቀመጥኩ።

ሸጋ ሰፊ ሆንኩ ብዬ አልዋሽሽም። የመጀመሪያዬ ሌማት አንድ ወገኑ ተንጋደደ፤ እናኑ ስትፈታው ላለቅስ ምንም አልቀረኝም። ሣሩ ይሰበራል፣ ወስፌው አውራ ጣቴን ይወጋኛል፣ ቁጥሩ ይጠፋብኛል። አሁን ዜማ በሆዴ እያልኩ እየቆጠርኩበት ነው፤ እንደዚያ ሲሆን አይጠፋኝም።

ብራናውን መልሼልሻለሁ፤ አትቆጪ። ሞክሬያለሁ፣ አንድ መስመር ጽፌበታለሁ። ቆዳው ሲሸተኝ ግን አረቄው ይሸተኛል። መጽሐፍ ለሰው ስገለብጥ ያመለጠኝ ጠርሙስ የለም እታለም፤ መጽሐፍ ሲጀመር ባለቤቱ ያጠጣኛል፣ ሲያልቅ ያጠጣኛል፣ መሃል ላይ ደግሞ እንዳልዘገይ ብሎ ያጠጣኛል። የማርያምን ስም በቀይ ጽፌ ቀና ስል አፌ ደርቆ ነበር። ስፌት ግን ከመጠጥ ጋር አንድ ቀን አላየኝም።

ታናሽሽ ሐብተ ማርያም

ጎንደር፣ ታኅሣሥ ፲፮ ቀን ፲፱፻፵፫ ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሐብተ ማርያም፤

ብራናው ደርሶኛል። አንዷን መስመርህንም አይቻለሁ። እጅህ አልጠፋም፤ ይበልጥ ያናደደኝም ይኸው ነው።

ስለ ጤናዬ ብትጠይቅ፣ ሰው ባያናግረኝ ጤነኛ ነኝ። ባለፈው ሰንበት ታየች፣ ወንድምሽ አንድ ሰፌድ ይስፋልኝ ብላ ላከችብኝ። የላከቻት ልጅ ምኑ እንደሚያስቅ እንኳ ሳታውቅ እየሳቀች ነገረችኝ።

አሁን የምነግርህን ረጋ ብለህ አንብብ። አባታችን በሚካኤል ማኅበር የነበራቸው ቦታ ከሞቱ ወዲህ ባዶ ነው። የማኅበሩ ሙሴና ሰብሳቢ አለቃ ገብረ ሚካኤል ናቸው፤ ከልጆቹ የሚገባ ካለ ይግባ፣ ከሌለ እንሰርዛለን አሉ። አንተን አስገባሁ። አልጠየቅሁህም፤ ብጠይቅህ እምቢ እንደምትል አውቃለሁ። ጥር ፲፪ ቀን ጽዋውን የምትረከበው አንተ ነህ። በሰው ፊት ቀምሰህ፣ ከነሙዳዩ ተሸክመህ ወደ አባታችን ቤት ታመጣዋለህ፣ በየካቲት ሚካኤል እኛ እንደግሳለን። አለቃ ይህን በዓይኔ ካየሁ ጉባኤውን እመልስለታለሁ ብለው ቃል ሰጥተውኛል።

አልጠጣም እንደምትለኝ አውቃለሁ። ይህ ግን አረቄ አይደለም፣ ጸሎት የተደረሰበት የመልአኩ ጽዋ ነው። ቀኑ ደግሞ ቃና ዘገሊላ ነው፣ ጌታ ውኃውን የወይን ጠጅ ያደረገበት ቀን። በዚህ ቀን ከዚህ ጽዋ ቀምሶ ክፉ ያገኘው ሰው አልሰማሁም። አንድ ጉንጭ ናት። ለአንድ ጉንጭ ብለህ የአባታችንን ስም አታሰርዝ።

ሸዋአየሁ

ኮሶዬ፣ ጥር ፩ ቀን ፲፱፻፵፫ ዓ.ም.

ለእታለም፤

እንኳን ለልደቱ አደረሰሽ። በዓሉን ስሰፋ ዋልኩ።

አንድ ጉንጭ ናት አልሽኝ። ላንቺ አንድ ጉንጭ ናት። እኔ አንድ ጉንጭ ጠጥቼ አላውቅም፤ የመጀመሪያዋን እንጂ የመጨረሻዋን አይቻት አላውቅም። ይህን ለአለቃ ብነግራቸው ሰበብ ይሉኛል። አንቺ ግን በጠዋት ከደጅሽ ላይ ታነሺኝ የነበርሽ ሰው ነሽ።

ሌላም የከነከነኝን ልንገርሽ። አባታችን አንቺን ዳዊት ሲያስደግሙ ደብተራዎቹ፣ ሴት ልጁን ቅኔ ማኅሌት ሊያቆማት ነው እያሉ ይስቁባቸው እንደነበር ረሳሽው? አባታችን ጆሮ አልሰጧቸውም። አንቺም ዳዊትሽን ደረትሽ ላይ ይዘሽ በመሃላቸው ታልፊ ነበር፤ ትንሽ ሆኜ ከኋላሽ ስከተል ኩራትሽ ለእኔ ይተርፈኝ ነበር። ያኔ የወንድ ሥራ ይዘሽ ቀና ካልሽ፣ ዛሬ እኔ የሴት ሥራ ይዤ ብቀመጥ ምነው አንገትሽን ደፋሽ?

ይህን ካልኩ በኋላ እውነቱን ልናገር። ጉባኤዬ ናፍቆኛል። ተማሪ ሲሳሳት መስማት እንኳ ናፍቆኛል። የአባታችን ቦታም በእኔ ተሰረዘ እንዲባል አልፈልግም። እመጣለሁ።

የማኅበሩ ሙዳይ አባታችን ሲሸከሙት በማውቀው ጊዜ ታቹን አይጥ በልቶት ነበር። አዲስ እየሰፋሁ ነው፣ ይዤው እመጣለሁ። እናኑ አገላብጣ አየችው፤ አልፈታችውም።

ሐብተ ማርያም

ጎንደር፣ ጥር ፳፪ ቀን ፲፱፻፵፫ ዓ.ም.

ለሐብተ ማርያም፤

ይህ ወረቀት ኮሶዬ ሲደርስ አንተ እዚያ ትኖር አትኖር አላውቅም። ካለህ በማሩ አንድ ቃል ላክብኝ። ከሌለህ አያ ክንዱ በሰው ያስነብቡትና፣ አለ ወይም የለም ብለው ይላኩብኝ። ሌላ ነገር አልጠይቃቸውም።

ጽዋውን ተቀብለህ በሰው ፊት ቀመስህ፤ ሁሉም አይቷል። አለቃ ሲስሙህ እኔ አለቀስኩ። ከዚያ፣ ወጣ ብዬ ልመለስ አልኸኝ። ከሴቶቹ ጋር እያወራሁ ስለነበር ፊትህን እንኳ ዞር ብዬ አላየሁትም። ጠበቅሁህ። ሰው እየተሰናበተ ሄደ፣ ጠበቅሁህ። በመጨረሻ ጽዋውን በአሮጌው ሙዳይ እኔ ተሸክሜ ገባሁ። ያንተ ሙዳይ መደቡ ላይ በጨርቅ ተጠቅልሎ አገኘሁት፤ ማሳየት አፍረህ ሳታወጣው ቀርተሃል። ከጥግ ወረወርኩት።

ተናድጃለሁ። ባንተም በአለቃም ተናድጃለሁ። በማን እንደምናደድ ያጣሁ ዕለት ደግሞ በማሩ እናደዳለሁ፣ ምን እንዳደረገኝ ሳላውቅ። ያለህበትን ብቻ አሳውቀኝ።

ሸዋአየሁ

ጎንደር፣ የካቲት ፲፬ ቀን ፲፱፻፵፫ ዓ.ም.

ለሐብተ ማርያም፣ ከደረሰህ፤

አያ ክንዱ፣ የለም ብለው ላኩብኝ።

ቅዳሜ ገበያ አየነው የሚሉ አሉ። ከአንዱ አረቄ ቤት ወደ ሌላው እየገባሁ ጠየቅሁ፤ የመሪጌታ ልጅ እዚህ ምን ትፈልጋለች የሚለኝን ሁሉ እያለፍኩ ጠየቅሁ። አላገኘሁህም። ጋቢህን ግን በማላውቀው ሰው ትከሻ ላይ አየሁት፤ በእሳት የተቃጠለው ጠርዙ ያው ነው።

የሚካኤልን ድግስ አወጣሁ። ታሟል አልኩ። ታየች እጄን ይዛ፣ ምን ነካው አለችኝ፤ በዚያን ቀን አልሳቀችም። ብትስቅ ይሻለኝ ነበር።

ሸዋአየሁ

ኮሶዬ፣ መጋቢት ፲፰ ቀን ፲፱፻፵፫ ዓ.ም.

ለእታለም ለሸዋአየሁ፤

በጾሙ እንደምን አለሽ? አለሁ። ከኮሶዬ ነው የምጽፍልሽ። ደብዳቤዎችሽን እናኑ አስቀምጣ ጠበቀችኝ፤ ያለፈው ሳምንት የላክሽውንም ጨምሬ ሁሉንም ባንድ ቀን አነበብኳቸው።

የት ነበርህ ያልሽውን አልመልስልሽም። ጋቢውን ካየሽ ቀሪውን ታውቂዋለሽ። እንዴት ተመለስህ ላልሽው፣ በእግሬ ነው። ማሩ መንገድ ላይ ማኪናውን አቁሞ ጠራኝ፣ ፊቴን ወደ ገደሉ አዞርኩበት። ይቅርታ በይልኝ።

እዚህ ስገባ ማንም አልጮኸብኝም። አያ ክንዱ ብቻ አንድ ነገር ጠየቁኝ።

‹‹ልጄ፣ የእኛን ሁሉ ዋንጫ አሳልፈህ አሳልፈህ፣ የዚያን ቀኑን ምነው ተቀበልኸው?››

‹‹አያ፣ እጄ ባዶ ነበር›› አልኳቸው።

የመልአኩ ጽዋ ጣለኝ አልልም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ግን ያንቺም አለበት እታለም፤ ይህን ሳልነግርሽ ብቀር ደብዳቤ በጻፍኩልሽ ቁጥር ያንቀኛል። አልችልም ስልሽ ሰምተሽኛል። ሰምተሽኝ ነው ሰው ምን ይላል ያልሽው።

የተውኩት ሌማት እንደ ነበረ ነው፤ ወስፌው በተሰካበት ቆይቶኛል። እጄ ግን ከመጀመሪያው ጊዜ የባሰ ሆኗል። አንድ ዙር ለመጨረስ ቀኑ ይመሻል፣ ሲያልቅ ተንጋዶ አገኘዋለሁ፣ እፈታዋለሁ። ትናንት ተናድጄ ከአጥሩ ባሻገር ወረወርኩት። ዋንጫው ሊዞር ሲል ግን ራሴ ሄጄ አነሳሁት። ስፌት መድኃኒት ሆነልኝ እንዳትይ፤ አረቄውን አላስረሳኝም። ሰዉ ጠጥቶ እስኪበተን ድረስ ብቻ እጄን ይይዝልኛል።

ስሜን ከማኅበሩ አሰርዢ። ጉባኤዬንም ለሚችል ሰው ይስጡት። መቋሚያዬን ግን ለማንም አትስጪብኝ።

ሐብተ ማርያም

ጎንደር፣ ግንቦት ፲፬ ቀን ፲፱፻፵፫ ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሐብተ ማርያም፤

እንኳን ለትንሣኤው በሰላም አደረሰህ። ዘግይቻለሁ። አባታችን ዳዊት አስተምረውኛል፣ ጽሕፈት አስተምረውኛል፤ ይቅርታ መጠየቅ ግን ሳያስተምሩኝ ሞቱ። ይህን ደብዳቤ እየጀመርኩ ስተው ከረምኩ። በድዬሃለሁ። ከዚህ በላይ ማሳመር አልችልም።

ከዚያ ወዲህ በማሩ በላክሃት ቁራጭ ወረቀት ስለ ሙዳዩ ጠይቀሃል። አልጣልኩትም። ለፋሲካ ቤት ስጠርግ ከጥግ አነሳሁትና ጨርቁን ፈታሁት። መጀመሪያ ያየሁት የተበላሸ መስሎኝ ነበር። በነጩ ላይ ጥቁርና ቀይ እዚህም እዚያም ነጠብ ነጠብ ይላል፤ አንድም ቦታ እንደ ሰው ስፌት ትክክል አልሄደም። ወደ በሩ ይዤው ወጣሁ፤ ብርሃን ሲመታው ርክርኩ ታየኝ። ቀጥሎ ደረት፣ ቀጥሎ ጭረት። የዜማ ምልክት በሣር ሰፍተሃል። ዙሪያውን እያዞርኩ፣ ከአባታችን ተማሪዎች ሰምቼ በያዝኩት አነበብኩት፤ የሚካኤል ዋዜማ ነው። ሌላ ሴት ብታየው የተሳሳተ ስፌት ነው ብላ ትፈታልህ ነበር። እናኑ ለምን እንዳልፈታችው አሁን ገባኝ፤ ማንበብ ባትችልም አውቃለች።

ከትናንት በስቲያ ማኅበር ነበር። ሙዳዩን በነጠላዬ ሸፍኜ ሄድኩ። ከጸሎቱ በኋላ አለቃ ስምህን አንስተው፣ ይህ ቦታ እንግዲህ ይሰረዝ አሉ። ተነሥቼ ሙዳዩን ፊታቸው አስቀመጥኩት። አሮጌው ተበልቷል፣ አዲስ አምጥቻለሁ አልኳቸው።

‹‹ሸጋ ነው። የማን እጅ ነው?›› አሉ።

‹‹የወንድሜ የሐብተ ማርያም።››

ታየች ሳቀች፤ የተከተላት ግን አልነበረም። አለቃ አንስተው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። ዓይናቸው ደክሟል፣ ቀስ ብለው ነው የሚያዞሩት። ትንሽ ቆይቶ ሳያውቁት ከአፋቸው ዜማው ወጣ። እስከ ግማሹ አዜሙና ሰው እንደሚሰማቸው ሲያውቁ ደነገጡ፣ አቆሙ። ይህን የሰፋ ሰው ጽዋውን ምነው ጥሎ ጠፋ ብለው ጠየቁኝ። እንደሚፈራው ነግሮኝ ነበር፣ አልሰማሁትም፤ ዳግመኛ በዚህ ጽዋ ፊት አላቆመውም አልኳቸው። ከዚያ እጄን ዘረጋሁ። የመሪጌታ ወልደ ዮሐንስ ቦታ የልጃቸው ነው፣ ልጃቸው ደግሞ እኔም ነኝ፤ በማኅበሩ ሴት የሌለች ይመስል ወንድ ስፈልግ ቆየሁ አልኳቸው። ጽዋውን ሰጡኝ። ጠጣሁ፤ ለእኔ አንድ ጉንጭ ናት።

አሁን ልደብቅህ አስቤ የነበረውን ልንገርህ። ጉባኤህ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል፣ ከድብ ባሕር ለመጣ መምህር። አለቃ ዜማውን ካዜሙ በኋላም ሐሳባቸውን አልለወጡም። ተከራከርኳቸው፤ በንዴት ነው የተለያየነው። ምን ላደርግልህ እንደምችል አላውቅም። ና አልልህም፣ ቅርም አልልህም።

አንድ ነገር ግን አለኝ፤ የሙዳዩ ክዳን ጠበቀ። ቤት ስደርስ ልከፍተው ብታገል ጽዋው ተናውጦ ነጠላዬ ላይ ፈሰሰ፣ እንደ ሰካራም ስሸት አመሸሁ። ላላ ያለ ክዳን ስፋለት።

ለስፌቱ ቀይ የተነከረ ሣር፣ አለላ፣ አልቆብኛል ብለህ ነበር። ከእኔ ቤት ከየት ይመጣል? ታየች ደጅ ሄጄ ለመንኳት። ለማን ነው ብላ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ሁለት እስር ሰጠችኝ፣ በማሩ ልኬልሃለሁ።

እኅትህ ሸዋአየሁ